ዶኒጎል፣ ሄብሪዲዝ ወይስ ኬፕ ብሬተን? ጸጥ ያለ ባሕር፣ ጎልፍና የጌሊክ ባህል ለሚፈልግ ቤተሰብ

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። "አንተ ለንደን ተቀምጠህ ሁሉንም ታውቃለህ፤ ሰው የማይጋፋበት ባሕር ፈልግልኝ" አለችኝ። ባሏ ሃምሳን ካለፈ በኋላ የጎልፍ ፍቅር ይዞታል። ልጆቹ አሸዋና ውሃ ካገኙ ሌላ አይጠይቁም። እሷ ደግሞ ቫዮሊን ስትሰማ ሥራዋን ትታ የምትፈዝ ሴት ናት።

እነዚህን ሦስት ፍላጎቶች አንድ ላይ የሚያሟላ ቦታ ብዙ የለም። እኔ የማውቃቸው ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ጌሊክ የሚባለው የአየርላንድና የስኮትላንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋና ሙዚቃ ያለባቸው። አንዱ ዶኒጎል ነው፣ የአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጥግ። ሁለተኛው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጉት የውጪዎቹ የሄብሪዲዝ ደሴቶች ናቸው። ሦስተኛው ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ያለው የኬፕ ብሬተን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ሄብሪዲዝ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሌሎቹን አንድ አንድ ጊዜ። ሦስቱም ቆንጆዎች ናቸው። ግን ለሁሉም ሰው አይሆኑም።

ከፎቶው በፊት ፓስፖርቱ

ሰው ሁሉ ምርጫውን የሚጀምረው ከባሕሩ ፎቶ ነው። እኛ ግን ከፓስፖርታችን ብንጀምር ይሻለናል።

የአሜሪካ ዜግነት ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። አየርላንድ ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን ያስገባችኋል። ብሪታንያ በኦንላይን የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ትጠይቃለች። ካናዳ ፓስፖርት ይበቃታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁም ሁለቱ ካልተቃጠሉ ካናዳ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ለአየርላንድና ለብሪታንያ ግን ቪዛ ግድ ነው።

አውሮፓ ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። አየርላንድ ሼንገን ውስጥ የለችም። ከጣሊያን ወይም ከጀርመን ያገኛችሁት ወረቀት ደብሊን አያስገባም፤ ለስኮትላንድም አይሠራም። ሕጉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የየአገሩን የኢሚግሬሽን ገጽ እዩ።

ዶኒጎል ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ካርታውን ብታዩት ከቀሪው የአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር የተያያዘው በቀጭን የመሬት አንገት ነው፤ ምሥራቁ በሙሉ ሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም ብሪታንያ ነው። ባቡር አይደርስም። ከደብሊን ወደ ትልቁ ከተማው ወደ ሌተርኬኒ የሚሄደው የተለመደው አውቶቡስ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ያሉትን ኦማንና ስትራቤንን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። መሻገራችሁን የምታውቁት የፍጥነት ሰሌዳው ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ነው። ኬላ የለም ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ አውቶቡስ ላይ ወጥተው ወረቀት የሚጠይቁ አሉ። የአየርላንድ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ከደብሊን በባቡር እስከ ስላይጎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በመኪና በበንዶራን በኩል ግቡ። ትንሽ ይረዝማል፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል። ከደብሊን ወደ ካሪክፊን የምትበር ትንሽ አውሮፕላንም አለች፤ ማረፊያዋ ከባሕር ዳርቻው አጠገብ ነው።

መኪና ሦስቱም ጋ ያስፈልጋል። አየርላንድና ስኮትላንድ ላይ የሚነዳው በግራ ነው። ሄብሪዲዝ ላይ ደግሞ ብዙው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ለማሳለፍ ጥግ ላይ የተሠራች ሰፋ ያለች ቦታ ይዞ መቆም ነው። ያሳለፋችሁት ሾፌር እጁን ያነሳላችኋል፤ እናንተም ታነሳላችሁ። በሁለተኛው ቀን እጄን ያላነሳሁለት በግ ብቻ ነበር። ኬፕ ብሬተን በቀኝ ይነዳል፤ በ1955 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በተከፈተ የድንጋይ ድልድይ ከዋናው መሬት ጋር ስለተያያዘ መርከብ አያስፈልገውም። ከሃሊፋክስ አየር ማረፊያ እስከ ኢንቨርነስ መንደር ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው።

ውሃው

ሃሪስ ደሴት ላይ ሉስከንታየር የሚባል ዳርቻ አለ። አሸዋው ነጭ ነው፤ ውሃው አረንጓዴና ሰማያዊ ይቀያየራል። ፎቶው ዛንዚባር ይመስላል። እግራችሁን ስትነክሩ ግን የእንጦጦ ምንጭ ነው፤ አጥንት ይሰብራል። በኦገስት እንኳ ከ13 ወይም ከ14 ዲግሪ እምብዛም አይዘልም። ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። ጠዋት ወርጄ ለአንድ ሰዓት ስሄድ ያገኘሁት አንድ ሰውና አንድ ውሻ ነው። ጸጥታ ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው።

ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ባራ የምትባለዋ ደሴት ላይ አውሮፕላኑ የሚያርፈው አሸዋው ላይ ነው። የበረራው ሰዓት የሚወጣው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት አይቶ ነው። ልጅ ላለው ሰው ይኼ ብቻውን ጉዞ ነው።

ዶኒጎልም ብርድ ነው፤ ግን ዓይነቱ ይበዛል። ማሊን ቤግ ላይ ያለው ሲልቨር ስትራንድ በገደል የተከበበ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ዳርቻ ነው፤ ከ170 በላይ ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትደርሱት። መውረዱ ደስ ይላል። መውጣቱን አያቶቻችሁን ይዛችሁ አትሞክሩት። ለልጆች ሮስኖውላ ይሻላል፤ ረጅም፣ ለጥ ያለ፣ በበጋ ነፍስ አድን ጠባቂ ያለበት፣ ሰርፍ የሚማሩበት ነው። ዳውኒንግስ አካባቢ "መርደር ሆል" የሚሉት አንድ ዳርቻ ኢንተርኔት ላይ በጣም ታዋቂ ሆኗል። እዩት፤ ፎቶም አንሱ። ግን አትዋኙበት። የውሃው ጉተታ ሰው ይወስዳል።

መዋኘት ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ክርክሩ እዚህ ያልቃል። ኬፕ ብሬተን ነው። ምዕራባዊው ዳርቻ የሴንት ሎውረንስን ባሕረ ሰላጤ ስለሚያይ ውሃው በበጋ ይሞቃል፤ ፖርት ሁድ ላይ በኦገስት ከ20 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የእህቴ ልጆች ለሦስት ሰዓት ያህል አልወጣም ብለው ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው በግድ የወጡት።

ጎልፉ

እኔ ጎልፍ አልችልም። ዱላ ተከራይቼ ሳር ነቅያለሁ፤ የተረፈውን የማወራው ከአማቼ የሰማሁትን ነው።

በእነዚህ ቦታዎች ያለው "ሊንክስ" የሚሉት ዓይነት ነው። ሊንክስ ማለት በባሕሩና በእርሻ መሬቱ መካከል ያለ አሸዋማ፣ ጉብታ የበዛበት መሬት ነው። ለእርሻ አይሆንም፤ ውሃ አይቋጥርም፤ ሳሩ አጭርና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ኳሱ ከወደቀ በኋላም ረጅም ይንከባለላል፤ ነፋሱ ደግሞ ሌላ ተጫዋች ነው። ዛፍ የለም። ፍሎሪዳ የተማረ ሰው መጀመሪያ ይናደዳል።

ዶኒጎል በቁጥርም በዋጋም ሰፊ ምርጫ አለው። ሮዛፔና ውስጥ በ1891 ስኮትላንዳዊው ኦልድ ቶም ሞሪስ የቀየሰው ታሪክ ያለው ሜዳ አለ፤ እዚያው በ2021 የተከፈተው የሜዳ ቀያሹ የቶም ዶክ ሥራ፣ ሴንት ፓትሪክስ ሊንክስ፣ ከዓለም ምርጦች ጋር ይጠራል። ባሊሊፊን በ2018 የአይሪሽ ኦፕንን ውድድር አስተናግዷል። ኪሱ ሳሳ ያለበት ሰው ደግሞ ክሩት ደሴት ላይ ባለው ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሜዳ ይጫወት። ትንሽ ነው፤ ግን ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ኳሱን የምትመቱት ባሕር በገባበት የገደል ስንጥቅ ላይ አሻግራችሁ ነው።

ኬፕ ብሬተን ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ኢንቨርነስ ነው። መንደሯ የከሰል ማዕድን መንደር ነበረች። ማዕድኑ ተዘግቶ ለአሥርት ዓመታት ባዶ የቀረው መሬት ላይ በ2012 ካቦት ሊንክስ ሙሉ ሆኖ ተከፈተ፤ በ2016 ገደሉ ላይ ካቦት ክሊፍስ ተጨመረ። ሁለቱም በእግር ብቻ የሚጫወቱባቸው ናቸው፤ የጎልፍ መኪና የለም። ዋጋቸው በመቶዎች የሚቆጠር የካናዳ ዶላር ነው። አማቼ ከፍሎ ተጫወተ፤ ሂሳቡን ለእህቴ እስካሁን አልነገራትም። ለአባወራ ይኼ መንደር የሚመችበት ምክንያት ሌላ ነው። ሜዳው፣ ባሕሩና ዋናው መንገድ ጎን ለጎን ናቸው። እሱ ሲጫወት እነሱ ከሜዳው ሥር ባለው የእንጨት መንገድ ወርደው ይዋኛሉ፤ ከሩቅ እጅ ማውለብለብ ሁሉ ይቻላል።

ሄብሪዲዝ ላይ ያሉት ሜዳዎች ጥቂት ናቸው፤ ታሪካቸው ግን የበለጠ ነው። ሳውዝ ዊስት ደሴት ላይ አስከርኒሽ የሚባለውን ያው ኦልድ ቶም ሞሪስ በ1891 ቀየሰው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተረሳ፤ በግና ላም ገባበት። በ2005 አንድ ባለሙያ አሸዋው ውስጥ የድሮውን ቅርጽ አገኘ፤ የአካባቢው ሰዎች አጸዱትና በ2008 እንደገና ተከፈተ። ክረምት ላይ ዛሬም ከብት ይግጥበታል። ሃሪስ ላይ ደግሞ ስካሪስታ የሚገኘው ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሜዳ ክፍያውን የሚቀበለው በሳጥን ነው፤ ብሩን አስገብታችሁ ትጫወታላችሁ፤ የሚቆጣጠር የለም። ዝነኛው የጎልፍ ተጫዋች ኒክ ፋልዶ አንድ ጊዜ መጥቶ የፈረመባትን ባለ አምስት ፓውንድ ኖት ክለቡ ሳያጠፋ አስቀምጧታል። እሁድ ግን አይጫወቱበትም። ለምን የሚለውን አሁን እመጣበታለሁ።

ጌሊኩ

ብዙ መመሪያ "የጌሊክ ባህል" ብሎ ሦስቱን በአንድ ከረጢት ይከታል። ልክ አይደለም። የአየርላንዱና የስኮትላንዱ ቋንቋ እንደ አማርኛና ትግርኛ ዘመዳሞች ናቸው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም፤ ቃል ይጋራሉ፣ አንዱ ግን የሌላው አይደለም። አየርላንድ ሄዳችሁ "ጌሊክ ትናገራለህ?" ካላችሁ "አይሪሽ ነው የምንለው" ብለው ያርሟችኋል። የኬፕ ብሬተኑ ከስኮትላንድ የተሰደደው ነው።

ዶኒጎል ውስጥ ቋንቋው የመንደር ቋንቋ ነው። ግዊዶር፣ ሮሲስና ግሌንኮልምኪል አካባቢ "ጌልታክት" ይባላሉ፤ የመንገድ ሰሌዳው በአይሪሽ ብቻ ነው። ካርታችሁ ዳንግሎ ሲል ሰሌዳው "አን ክሎሃን ሊያ" ይላል። አንድ ከተማ ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ አልፌያት ሄጃለሁ። ክላናድ የተባለው ባንድና ዘፋኟ ኤንያ ከግዊዶር ናቸው፤ የአባታቸው መጠጥ ቤት፣ ሌኦስ ታቨርን፣ ዛሬም ሙዚቃ አለው። ግሌንኮልምኪል ላይ ከ1984 ጀምሮ ለአዋቂዎች የአንድ ሳምንት የቋንቋ ትምህርት የሚሰጥ ኦይዲስ ጌል የሚባል ተቋም አለ። ከዜሮ መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው ትምህርት ሰላምታ ነው። አንዱ "እግዚአብሔር ካንተ ጋር" ይላል፤ ሌላው "እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር" ብሎ ይመልሳል። ከክፍሉ ሁሉ ያልገረመኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የአያቴ ደጃፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ሄብሪዲዝ ላይ ጌሊኩ ያለው ሱቅ ውስጥ፣ ወደብ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሉዊስና ሃሪስ ላይ መዝሙረ ዳዊት የሚዘመረው ያለ ኦርጋን ነው። አንድ መሪ ይነሳና አንዱን መስመር ያወጣዋል። ምእመኑ ይቀበለዋል፤ ግን እኩል አይደለም። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጥምዝ ይገባል፤ ድምፁ እንደ ማዕበል ቀድሞና ዘግይቶ ይመጣል። ማህሌት ቆሞ ያደገ ሰው ቃሉ ባይገባው ነገሩ ይገባዋል። እንግዳ መግባት ይችላል፤ ለብሳችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ ከኋላ ተቀመጡ።

ሌላው ሸማው ነው። ሃሪስ ትዊድ የተባለው የሱፍ ጨርቅ በሕግ፣ ከ1993 ጀምሮ፣ በደሴቶቹ ነዋሪዎች ቤት በእጅ የተሸመነ ካልሆነ ስሙን አይይዝም። አንድ በቆርቆሮ የተሠራ ደሳሳ ቤት በር ላይ የሽመና ድምፅ ሰምቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሽማግሌው በእግራቸው ይረግጣሉ፤ መወርወሪያው ይመላለሳል፤ ቤቱ ዘይትና የበግ ሱፍ ይሸታል። ክሩ ሲበጠስ ቆሙ፣ በሁለት ጣት ቋጠሩት፣ ሳያዩ ቀጠሉ። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ቢያያቸው ገና ሳይናገሩ ይግባቡ ነበር።

ኬፕ ብሬተን ላይ ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ማግኘት ይከብዳል። የተሰደዱት ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ይበልጡኑም በ19ኛው፣ ከስኮትላንድ ተራራና ደሴት ነው፤ ብዙዎቹን ባለ መሬቶች ለበግ ግጦሽ ብለው ያስነሷቸው ናቸው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ አደጉ። ቋንቋው ሳሳ፤ እግሩና ቫዮሊኑ ግን አልሳሱም። ማቡ የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ ሬድ ሹ የሚባል፣ ዘፋኞቹ የራንኪን እህትማማቾች ያስተዋወቁት መጠጥ ቤት አለ፤ ቫዮሊን እየሰማችሁ ትበላላችሁ። ዌስት ማቡ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ አለ። አልኮል የለም፤ ሕፃንም የሰማንያ ዓመት አዛውንትም አንድ ወለል ላይ ናቸው። ከወገብ በላይ ዝም፣ ከጉልበት በታች እሳት። እኛ ከትከሻ ነው የምንጀምረው፤ እነሱ ከቁርጭምጭሚት።

እዚያው ኬፕ ብሬተን፣ አዮና በምትባል መንደር ያለውን የተራራ መንደር ሙዚየም ካያችሁ "ሚሊንግ ፍሮሊክ" የሚሉትን ጠይቁ። ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥብ ጨርቅ በምት እያሸጋገሩ ይደበድባሉ፤ አንዱ በጌሊክ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ጨርቁን ለማጠንከር የተጀመረ ሥራ ነው። ደቦ ነው በሉት። እህቴን አስቀመጧት፤ ቃሉን ሳታውቅ ምቱን አልሳተችም። በኦክቶበር ከመጣችሁ ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የሴልቲክ ከለርስ ፌስቲቫል ደሴቱን ሙሉ ኮንሰርት ያደርገዋል፤ ቅጠሉም ያኔ ይቀላል። ባሕሩ ግን ያኔ አይነካም።

እሁድና ምግብ

ሉዊስና ሃሪስ ላይ ሰንበት ሰንበት ነው። የደሴቶቹ ዋና ከተማ ከሆነችው ከስቶርኖዌይ የእሁድ መርከብ የጀመረው በ2009 ነው፤ ያውም በብዙ ክርክር። ዛሬ ትንሽ ላልቷል፤ ግን ሃሪስ ላይ እሁድ ሱቅ ይከፈታል ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ ቅዳሜ ማታ ዘግይቼ ገብቼ ጠዋት ዳቦ ፍለጋ ወጣሁ። አንድም በር አልተከፈተም። ያተረፈኝ እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ የጨመረችው ቆሎ ነው፤ ሉስከንታየር ላይ ተቀምጬ ቆረጠምኩ። ወደ ደቡብ ሳውዝ ዊስትና ባራ ስትወርዱ ሕዝቡ ካቶሊክ ነው፤ እሁዱም ለቀቅ ይላል።

ፍልሰታን ለምትጾሙ፣ ጾሙ የሚውለው ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ የጉዞው ወቅት ጫፍ ላይ። ሾርባው ውስጥ ክሬም፣ ድንቹ ላይ ቅቤ አለ። ኩሽና ያለው ቤት ተከራዩ፤ ምስርና በርበሬያችሁን ያዙ። ወይም በጁን ሂዱ። ጁን ስቶርኖዌይ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ገደማ ነው፤ ልጆችን ማስተኛት ግን የእናንተ ዕዳ ነው። ነፋስ በሌለበት ምሽት ሚጅ የሚሉት ደቃቅ ነካሽ ዝንብ ስኮትላንድንም አየርላንድንም ይወርራል፤ መከላከያ ቅባት ያዙ።

ታዲያ የቱ?

ልጆች ካሉና መዋኘት ከፈለጉ፣ ወይም ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ግሪን ካርድ ከሆነ፣ ኬፕ ብሬተን። ጎልፉ ውድ ነው፤ ጭፈራው ርካሽ ነው። ከአውሮፓ ለምትነሱ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ላላችሁና ቋንቋውን ቀምሳችሁ መመለስ ለምትፈልጉ ዶኒጎል፤ በዋጋም መካከለኛው እሱ ነው። ሄብሪዲዝን ለቸኮለ ሰው አልመክርም። መርከብ በነፋስ ይሰረዛል፤ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ሁለት ባዶ ቀን ከሌለ ትበሳጫላችሁ። ለእኔ ግን ከሦስቱ የሚበልጥብኝ እሱ ነው፤ ብቻዬን ወይም ዝምታ ከሚችል ሰው ጋር ከሆንኩ።

እህቴ ኬፕ ብሬተንን መረጠች፤ አልተጸጸተችም። ባሏ አስከርኒሽ ላይ በግ ይግጣል የሚለውን ከሰማ ወዲህ ግን ዕረፍት አጥቷል። በሚመጣው ዓመት ከስኮትላንዱ ወደብ ከኡላፑል ወደ ስቶርኖዌይ እንሻገራለን ብለዋል። እኔም አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኳቸው፤ ለሰው ቦታ አይጠፋም፣ የመኪናውን ግን አሁኑኑ ያዙ፣ በጋ ሳይደርስ ያልቃል።